በሁለት ተፋሰሶች መካከል፦ የሐድያና የከምባታ ትልልቅ አምባዞች መለያና አያያዝ

ሆሳዕናና አካባቢዋ ውኃ ወደ ሁለት በሚከፈልበት ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ወደ ምሥራቅ የሚወርደው ዝናብ በብላቴ ወንዝ በኩል አባያ ሐይቅ ሲገባ፣ ወደ ምዕራብ የሚወርደው ከጊቤ ጋር ተቀላቅሎ በኦሞ እስከ ቱርካና ሐይቅ ይዘልቃል። በሁለቱም ወገን በአማርኛ «አምባዛ» የሚባል፣ ቅርፊት የሌለው ትልቅ አዳኝ ዓሣ ይኖራል። ስሙ አንድ መሆኑ ግን ዓሣው አንድ መሆኑን አያረጋግጥም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በዚህ አንድ ስም ሥር ሊደባለቁ የሚችሉ ዝርያዎችን መለያ ማሳየትና ልዩነቱ ለዓሣ ሀብት አያያዝ ያለውን ትርጉም ማመልከት ነው።

መለያ ባሕርያት

በአገሪቱ በስፋት የሚታወቀው አምባዛ እ.ኤ.አ. በ1822 ለሳይንስ የተገለጸው ክላሪያስ ጋሪፒነስ ነው። የጀርባ ክንፉ አንድ ወጥ ሆኖ ከራሱ ጀርባ እስከ ጅራቱ አጠገብ ይዘረጋል። እ.ኤ.አ. በ1840 የተገለጸውና በዛምቤዚ ወንዝ አካባቢ «ቩንዱ» የሚባለው ሄቴሮብራንከስ ሎንጂፊሊስ በመልኩ ይህንኑ ይመስላል፤ ነገር ግን የጀርባ ክንፉ አጠር ያለ ሲሆን፣ ከኋላው ትልቅ ስባማ ክንፍ ይከተለዋል። በኢትዮጵያ ከባሮና ከኦሞ ተፋሰሶች ተመዝግቧል። ሁለቱም ከ1 ሜትር በላይ ሊረዝሙና ከ50 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝኑ የሚችሉ ሲሆን፣ አራት ጥንድ ጢምና ክብ ጅራት አላቸው። ከስንጥባቸው በላይ ያለው ቅርንጫፋም አካል ከአየር ኦክስጅን እንዲወስዱ ስለሚያስችላቸው፣ ሌሎች ዓሦች በሚያልቁበት ደፍራሽ ውኃ ውስጥ መቆየት ይችላሉ።

ሦስተኛው ዝርያ ባግረስ ዶክማክ ነው። እርሱም ስባማ ክንፍ ስላለው ከሄቴሮብራንከስ ጋር ሊምታታ ይችላል። ሆኖም ጅራቱ ለሁለት የተሰነጠቀ፣ በሆዱ በኩል ያለው የኋላ ክንፉም አጭር ነው፤ ከአየር መተንፈሻ አካልም የለውም። ስለዚህ የጀርባ ክንፍንና የጅራትን ቅርጽ ብቻ በመመልከት ሦስቱን በዓሣ ማራገፊያ ስፍራ መለየት ይቻላል።

የውኃ ከፍታና መራባት

ክላሪያስ የሚራባው ዝናብ ሲጀምር፣ ውኃው ሞልቶ የዳር ሣሩን በሚሸፍንበት ጊዜ ነው። ዕንቁላሉ በሣሩ ላይ ይጣበቃል፤ ውኃው ሞቃት ከሆነም ከአንድ ቀን እስከ አንድ ቀን ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ይፈለፈላል። ወላጆቹ አይጠብቁትም። ስለዚህ በእነዚያ ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ውኃው ከሸሸ ዕንቁላሉ በየብስ ላይ ይቀራል።

በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 243 ሜትር ከፍታ ያለው የጊቤ 3 ግድብ ወደ ኋላ ያስተኛው ውኃ የሐድያንና የከምባታን ምዕራባዊ ቆላ ይነካል። በዚያ የውኃው ከፍታ የሚወሰነው በዝናብ ብቻ ሳይሆን በኃይል ማመንጫው ሥራም ጭምር ነው። በብላቴ ተፋሰስ በሻሾጎ ወረዳ በሚገኘው የቦዮ ሐይቅ ግን ወሳኙ የዝናቡ መጠንና ከተራራው የሚወርደው ደለል ነው። በአንዱ ተፋሰስ የተጠና የመራቢያ ወቅት ለሌላው እንዳለ ሊወሰድ የማይገባው በዚህ ምክንያት ነው።

ከተፋሰስ ወደ ተፋሰስ ማዛወር

ክላሪያስ በዓሣ ኩሬ ውስጥ በራሱ ፈቃድ እምብዛም አይራባም። ስለዚህ አርቢዎች እንስቷን በሆርሞን ያነቃቃሉ፤ የወንዱን ዘር ለማግኘት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወንዱን ያርዱታል። ይህ ሥራ ሙያና ወጪ ስለሚጠይቅ ከሩቅ ጫጩት ማምጣት ቀላሉ መንገድ መስሎ ይታያል። አደጋው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ናይጄሪያ ውስጥ ክላሪያስና ሄቴሮብራንከስ ሆን ተብለው ተዳቅለው ይረባሉ፤ ድቅሉም ተመልሶ ከወላጅ ዝርያዎቹ ጋር ሊራባ እንደሚችል ታይቷል። እንዲህ ያለ ዓሣ ከኩሬ አምልጦ ወንዝ ቢገባ መልሶ መሰብሰብ አይቻልም።

የደቡብ አፍሪካ ተሞክሮም አስተማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ሥራ የጀመረው የኦሬንጅና ፊሽ ወንዞች የመሬት ውስጥ ቦይ ውኃ ለማሻገር ቢሠራም፣ ክላሪያስን ቀድሞ ወዳልነበረባቸው የምሥራቅ ኬፕ ወንዞች አሻግሯል። እዚያ ቦይ የሠራውን በሆሳዕና ከፍታ ላይ አንድ ጀሪካን ጫጩት ሊሠራው ይችላል፤ ከምሥራቁ ተዳፋት ወደ ምዕራቡ የሚወስደው መንገድ አጭር ነውና።

ማጠቃለያ

በአካባቢው የሚካሄድ ጥናትና እርባታ ሦስት ነገሮችን ቢያሟላ ይጠቅማል። አንደኛ፣ የምርት መዝገብ «አምባዛ» ብሎ ከማለፍ ይልቅ ዝርያውንና ተፋሰሱን ለይቶ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ናሙና አወሳሰድ የክረምቱን መግቢያ ያካትት፤ የውኃው ከፍታም በየዕለቱ አብሮ ይመዝገብ። ሦስተኛ፣ ለኩሬ የሚሆን ወላጅ ዓሣ ኩሬው ካለበት ተፋሰስ ይመረጥ። እነዚህ ብዙ ወጪ አይጠይቁም፤ ሁለቱ ውኆች ከተደባለቁ በኋላ ግን ቀድሞ የት ምን እንደነበረ ማወቅ እጅግ ያዳግታል።