የቆዩ ኪታቦችን በስልክና በካሜራ ማንሳት፦ ለጀማሪዎች የሚሆን ትምህርት



ብዙዎቻችን ስልክ ስንገዛ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ካሜራው ስንት ሜጋፒክስል ነው?» ብለን ነው። ከገዛነው በኋላ ግን ካሜራው ከዒድና ከምረቃ ፎቶ አያልፍም። በዛሬው ትምህርታችን ይኸው ስልክ ለአንድ ትልቅ አማና እንዴት እንደሚውል እናያለን። ወደ ትምህርቱ ከመግባታችን በፊት ግን የራሳችንን ጥፋት እንናገር።

ከሁለት ዓመት በፊት በእረፍት ጊዜ ከጎንደር ወደ ጎርጎራ በሚወስደው መንገድ ኮላ ድባ ወርደን አንድ ሸህ ዘንድ ሄድን። ሸሁ ከግድግዳ ላይ የቆዳ ከረጢት አውርደው አባታቸው በእጃቸው የገለበጡትን የፊቅህ ኪታብ አሳዩን። መትኑ በቀይ፣ ሸርሑ በጥቁር ቀለም ተጽፏል። በኅዳጉ ደግሞ አባታቸው ሲያስቀሩ የጻፏቸው ደቃቅ ማስታወሻዎች አሉ። «አባባ፣ ፎቶ እናንሳው?» አልናቸው። «አንሱት ልጆቼ፣ እኔም ለማን እንደማስረክበው አላውቅም» አሉን። ከመግሪብ በፊት ለመጨረስ ቸኩለን፣ ሁለት ሁለት ገጽ በአንድ ላይ፣ ስልክ በእጅ ይዘን፣ በፍላሽ አነሳን። በዚያው ማታ በቴሌግራም ተላላክንና ቦታ ለማስለቀቅ ከስልኩ ላይ አጠፋነው።

በቀጣዩ ክረምት ቆርቆሮው አፈሰሰ። ኪታቡ ራሰ፣ ገጾቹ ተጣበቁ፣ ቀለሙም ፈሰሰ። እኛ ዘንድ የቀረው ቴሌግራም ያሳነሰው ምስል ነው። መትኑ ይነበባል፤ የኅዳጉ ማስታወሻ ግን አይነበብም። ሸሁ ሲሰሙ አልተቆጡንም፤ «ወረቀቱ ባይተርፍ ዒልሙ ይተርፋል ብዬ ነበር» ብቻ አሉ። ይህን ትምህርት የጻፍነው ሌላ ሰው ይህን ቃል እንዳይሰማ ብለን ነው።

1. ጥሩ ምስል ማለት ምን ማለት ነው?

ነገሩን በሒሳብ እንየው። ለጽሑፍ የተለመደው መለኪያ በአንድ ኢንች ቢያንስ 300 ነጥብ (ፒክስል) ነው። የኤ4 ወረቀት 8.27 በ11.69 ኢንች ስለሆነ በዚህ መለኪያ 2480 በ3508 ፒክስል ይሆናል፤ ይህም 8.7 ሜጋፒክስል ገደማ ነው። ስለዚህ 4000 በ3000 የሚያነሳ ባለ 12 ሜጋፒክስል ስልክ ለአንድ ገጽ ይበቃል። ሁለት ገጽ በአንድ ላይ ካነሳን ግን ያው ካሜራ በኢንች ወደ 240 ይወርዳል።

የእኛ ስህተት የት ላይ ነበር? ኪታቡ ሲዘረጋ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ቴሌግራም ያደረሰልን ምስል ረጅም ጎኑ 1280 ፒክስል ነበር። ሲካፈል በኢንች 80 ገደማ ይመጣል፤ አንዱ ፒክስል 0.3 ሚሊ ሜትር ይሸፍናል ማለት ነው። በደቃቅ ጽሑፍ ላይ ያለ ግማሽ ሚሊ ሜትር የምትሆን ነጥብ ሁለት ፒክስል እንኳ አትሞላም። በኢንች 300 ቢሆን ኖሮ ስድስት ያህል ፒክስል ታገኝ ነበር። ባእ፣ ታእና ሳእ የሚለዩት በነጥብ ብቻ ነው። ነጥቧ ከጠፋች ፊደሉ ጠፋ፣ ፊደሉ ከጠፋ ትርጉሙ ጠፋ።

በማስታወቂያ አትታለሉ። «50 ሜጋፒክስል» የሚባሉ ብዙ ስልኮች በተለመደው አሠራራቸው አራት አራት ፒክስል እያዋሃዱ 12 ሜጋፒክስል ያህል ምስል ነው የሚሰጡት። ስለዚህ በቁጥሩ የተነሳ ስልክ መለወጥ አያስፈልግም። በእጃችሁ ያለው ይበቃል፤ ልዩነቱን የሚያመጣው አያያዙ ነው።

2. ዕቃው

*ማቆሚያ።* ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ከሌለ ሁለት ወንበር ላይ ጣውላ አጋድሙና ካሜራው ከጠርዙ አልፎ ወደ ታች እንዲያይ ስልኩን በላስቲክ እሰሩት። ስልኩና ገጹ ትይዩ መሆን አለባቸው። ስልካችሁ ላይ ውኃ ልክ የሚባለው መለኪያ ካለ በመጀመሪያ ገጹ ላይ፣ ቀጥሎ ጣውላው ላይ አስቀምጣችሁ አመሳክሩ። ካልተስተካከለ ከላይ ያለው መስመር ትልቅ፣ ከታች ያለው ትንሽ ሆኖ ይወጣል።

*ብርሃን።* ፍላሽ አጥፉ፤ ቀለሙ ላይ አብረቅርቆ ጽሑፉን ይሸፍናል። አምፖሉንም አጥፉ፤ የአምፖልና የቀን ብርሃን ሲቀላቀሉ የገጹ አንድ ጎን ቢጫ፣ ሌላው ሰማያዊ ይሆናል። በር ወይም መስኮት አጠገብ፣ ቀጥተኛ ፀሐይ በማይገባበት ቦታ ሁኑ። ጥላው እንዳይጠቁር በተቃራኒው ጎን ነጭ ካርቶን ወይም ነጠላ ወጥሩ። የደመና ቀን ለዚህ ሥራ ከሁሉ ይሻላል።

*ለኪታቡ ድጋፍ።* የቆየ ኪታብ እስከ መጨረሻው አይዘረጋም፤ ጀርባው ይሰነጠቃል። ግማሽ ያህል ክፈቱትና የቆመውን ወገን በተጠቀለለ ጋቢ ደግፉት። መጀመሪያ የቀኙን ገጾች በሙሉ፣ ከዚያ ኪታቡን አዙራችሁ የግራውን አንሱ። ከሥሩ ጥቁር ጨርቅ አንጥፉ፤ ከጎኑ ማስመሪያና ንጹሕ ነጭ ወረቀት አስቀምጡ። ማስመሪያው መጠኑን፣ ወረቀቱ ቀለሙን ይመሰክራል።

*ካሜራ ካለ።* ከአሥር ዓመት በላይ የሆነው ባለ 18 ሜጋፒክስል ካኖን እንኳ ከበቂ በላይ ነው። አብሮት የሚመጣው ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር ያለው ሌንስም ይበቃል። 50 ላይ አድርጋችሁ ከገጹ 75 ሴንቲ ሜትር ያህል ስትርቁ የኤ4 ገጽ ይሞላላችኋል። ቀዳዳውን ኤፍ 8፣ አይኤስኦውን 100 አድርጉ፤ ማቆሚያ ስላለ ሹተሩ ቢዘገይ አያሳስብም። ያገለገለ ካሜራ ስትገዙ ሌንሱን ወደ ብርሃን አንስታችሁ ውስጡ ሻጋታ እንደሌለው እዩ። ባትሪው ስንት ፎቶ እንደሚይዝና ሚሞሪ ካርዱን በትክክል እንደሚያነብ እዚያው ሞክሩ።

3. አነሳሱ

ሌንሱን በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ። ዋናውን ሌንስ ብቻ ተጠቀሙ፤ ሰፊው ሌንስ ጠርዙን ያጎብጣል፣ ዙሙ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ምስሉን ቆርጦ ማተለቅ ብቻ ነው። ማስዋቢያና ፊልተር ሁሉ ይጥፋ። «ኦፕን ካሜራ» የተባለው ነፃ የአንድሮይድ ፕሮግራም ፎከስን፣ ብርሃንንና ኋይት ባላንስን ቆልፎ ለማንሳት ይረዳል፤ ካልተቆለፈ ገጽ በገጽ ቀለሙ ይለያያል። ስልኩን ነክታችሁ እንዳታንቀሳቅሱት የ2 ሰከንድ ሰዓት ቆጣሪ ተጠቀሙ።

በእጅ በተጻፉ ብዙ ኪታቦች በገጹ ግርጌ የቀጣዩ ገጽ የመጀመሪያ ቃል ለብቻው ተጽፎ ይገኛል። ገጾቹ ያልተሰፉ ከሆነ ቅደም ተከተሉ የሚታወቀው በእሱ ነው። ስለዚህ ጠርዝ አትቁረጡ። ባዶ ገጽ፣ ሽፋንና ከረጢቱም ይነሱ። በየአሥር ገጹ ቆም ብላችሁ ምስሉን አተልቁና ደቃቁ ነጥብ ይታይ እንደሆነ አረጋግጡ። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ፓወር ባንክ ሞልታችሁ ሂዱ።

4. ማስተካከል፦ የሚፈቀደውና የማይፈቀደው

የመጀመሪያው ሕግ ዋናው ምስል አይነካም የሚል ነው። የምታስተካክሉት ቅጂውን ነው። ማዞር፣ ማቅናት፣ በነጩ ወረቀት ተመርኩዞ ቀለሙን መመለስና ብርሃኑን ማመጣጠን ይፈቀዳል። የማይፈቀዱት ደግሞ ሦስት ናቸው።

አንደኛ፣ እንደ ስካነር ወደ ጥቁርና ነጭ መለወጥ። ቀዩ መትን ከጥቁሩ ሸርሕ መለየቱ ይጠፋል፤ የደበዘዘው የኅዳግ ማስታወሻም እንደ ቆሻሻ ተቆጥሮ ይሰረዛል። ሁለተኛ፣ ጠቃጠቆ ማጥፊያውን መጠቀም። ፕሮግራሙ የዝንብ ጠብታና የኑን ነጥብ ልዩነት አያውቅም። ሦስተኛ፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት «ምስሉን አጥራ» የሚለው። እሱ ያላየውን ገምቶ ይስላል። የሳለው ፊደል ያምራል፤ ነገር ግን ጸሐፊው የጻፈው ላይሆን ይችላል። የማይነበብ ቃል አይነበብም ብሎ መተው ከውሸት ንባብ ይሻላል።

ይህ ለጀመዓችን ዝግጅት ፎቶም ይሠራል። ብርሃን ማስተካከል ችግር የለውም፤ ሰው ቀድቶ ለጥፎ አዳራሹን የሞላ ማስመሰል ግን ሐሰት ነው።

ለስልክ «ስናፕሲድ»፣ ለኮምፒውተር «ጊምፕ»፣ የካሜራ ሮው ፋይል ለመክፈት «ዳርክቴብል» ወይም «ሮውቴራፒ»፣ ገጽ ለማቅናትና ለመከፋፈል «ስካንቴይለር» አሉ። ሁሉም በነፃ ይገኛሉ። ለአንድ ኪታብ ብለን ክራክ የተደረገ ፎቶሾፕ ብንጭን በሰው ሐቅ ዒልም እየጠበቅን ነው፤ አብሮት የሚመጣው ቫይረስም ያነሳነውን ሊያጠፋብን ይችላል።

5. ማስቀመጥ

ባለ 200 ገጽ ኪታብ በ12 ሜጋፒክስል ጄፔግ ሲነሳ 1 ጊጋባይት እንኳ ላይሞላ ይችላል። ስለዚህ «ቦታ የለም» ምክንያት አይሆንም። ሦስት ቅጂ ይኑር፤ ቢያንስ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱም በሌላ ቦታ። ለምሳሌ ኮምፒውተር ላይ፣ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ ሦስተኛውም ባለቤቱ ዘንድ በፍላሽ ዲስክ። ሦስቱም ተከፍተው ሳይታዩ ከስልኩ ምንም አይጠፋ። በቴሌግራም መላክ ግድ ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ።

ፋይሎቹን 001፣ 002 እያላችሁ ከቀኝ ወደ ግራ በንባቡ ቅደም ተከተል ሰይሙ። የኪታቡን ስም፣ ቦታውን፣ የተነሳበትን ቀንና ያነሳውን ሰው በአንድ የጽሑፍ ፋይል መዝግቡ።

6. አደቡ

ኪታቡ የባለቤቱ ነው፤ እኛ ዘንድ አማና ነው። ሳያስፈቅዱ አይነሳም፣ ሳያስፈቅዱ አይለጠፍም። ከቤቱ አይወጣም። ሙስሐፍ ከሆነ በዉዱእ እንያዘው። ጣት በምራቅ አርሶ ገጽ መግለጥ፣ ሻይ አጠገቡ ማስቀመጥ አይገባም። «እንግዛዎት» የሚል ደላላ ከመጣ ደግሞ ለባለቤቱ እንንገራቸው፦ በቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም።

በዚህ መንገድ የቀደሙን አሉ። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና ጽሑፎች ማይክሮፊልም ሥራ በሺህ የሚቆጠሩ የገዳማትና የአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍትን አንስቷል። በሐረር አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ ከየቤቱ በሰበሰቧቸው ቅርሶች ሙዚየም አቋቁመው የተጎዱ ኪታቦችን በእጃቸው ሲጠግኑ ኖረዋል። ጎንደርም ታሪክ አላት። እ.ኤ.አ. በ1668 በቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን ሙስሊሞች ተለይተው እንዲሰፍሩ ከተወሰነ በኋላ እስላም ቤት የተባለው ሰፈር ዛሬ አዲስ ዓለም ነው። በዚያም ሆነ በደምቢያ ገጠር፣ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ምን ተሰቅሎ እንዳለ የምናውቀው ሄደን ስንጠይቅ ብቻ ነው። ምስጥ፣ አይጥ፣ ጭስና ክረምት ግን እኛን አይጠብቁም።

የቤት ሥራ

በዚህ ሳምንት ከመጻሕፍቶቻችሁ አንዱን መርጣችሁ አሥር ገጽ በዚህ መንገድ አንሱ። ምስሉን አተልቃችሁ ትንሿን ነጥብ ፈልጉ፤ ካልታየች ምክንያቱን ለዩ፦ ብርሃን ነው፣ መንቀሳቀስ ነው ወይስ ርቀት? ከዚያ ለእረፍት አገር ቤት ስትሄዱ አያቶቻችሁን «የቆየ ኪታብ አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

እኛም ባለፈው እረፍት ወደ ኮላ ድባ ተመልሰን ነበር። ሸሁ ዘንድ ከውኃው የተረፉ ሌሎች ሁለት ኪታቦች ነበሩ። ሁለት ቀን ፈጅቶብን አንድ በአንድ አነሳናቸው፤ ፍላሽ ዲስኩንም በእጃቸው አስረከብን። የጠፋውን ማስታወሻ ግን መመለስ አልቻልንም። አላህ ይቅር ይበለን፣ ያነሳነውንም ጠቃሚ ዒልም ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።