የቃኘው ሻለቃና የጀግንነት ትርጉም

ቀድሞ «ሜዳልያ የሚገባው ብዙ ጠላት ለጣለ ነው» እል ነበር። የኮርያን ጦርነት ታሪክ ካጠናሁ በኋላ ግን አሳቤን ለወጥሁ። በራስ መኰንን የፈረስ ስም የተሰየመው ቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ዘመተ። በመስከረም 1944 ዓ.ም. ስለ ፈጸመው ጀብዱም የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ለጦር ክፍል የሚሰጠውን የምስጋና ሽልማት ተቀበለ። በኮርያ ከመቶ የሚበልጡ አባቶቻችን ወደቁ፤ የተማረከ ግን አንድ ስንኳ አልነበረም። የቆሰለውን ተሸክመው፥ የሞተውንም አንሥተው ይመለሱ ነበርና። ሜዳልያ በአንድ ሰው ደረት ላይ ይንጠለጠላል፤ ጓደኛን አለመተው ግን የሁሉም ክብር ነው። ውድ ጓደኞቼ ሆይ፥ እኛስ በትምህርት የደከመውን ጓደኛችንን ጥለነው እናልፋለንን?