ከድስቱ አትጨልፊለት

ቆይ፣ ቆይ፣ ጭልፋውን መልሺው። ፋሲካ ነው ብለሽ ለውሻሽ ለቡቺም ዶሮ ወጥ ልታቀምሺው ነው? ሆድሽ እንደሚራራ አውቃለሁ፤ ገና ልጅ ሆነሽ ከገበታ ላይ ለጎረቤት ድመት ስትደብቂ ነው ያደግሽው። ግን እዚህ ወጥ ውስጥ የገባውን ሽንኩርት ቅዳሜ አብረን ነው የከተፍነው፣ ዓይናችን እስኪጠፋ። ሽንኩርት የውሻንም የድመትንም ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። ተቁላልቶ ቢቀልጥ፣ ደርቆ ዱቄት ቢሆን ለውጥ የለውም፤ ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የባሰ ነው። ድመትን ለመጉዳት በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቷ 5 ግራም ያህል ይበቃል። ድመትሽ ውሪ 3 ኪሎ ብትመዝን 15 ግራም መሆኑ ነው፤ የአንድ መካከለኛ ሽንኩርት ሩብ እንኳ አይሞላም። ውሻ ትንሽ ይችላል፣ በኪሎ ከ15 እስከ 30 ግራም፤ ቡቺ ግን ራሱ ስንት ይመዝናልና? ክፋቱ ደግሞ ዛሬ በልቶ ዛሬ አይታመምም። ከቀናት በኋላ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፣ መነሳት ያቅተዋል። ያኔ «ዓይን በላው» ይባላል እንጂ ወጡን የሚያስታውስ የለም።

አጥንቱንም ወዲህ በዪው። የበሰለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር ስንጥሩ ሹል ነው፤ ጉሮሮ ይወጋል፣ አንጀት ይበሳል። «የሰፈሩ ውሻ ሁሉ አጥንት እየበላ አይደል የሚኖረው?» ትይኝ ይሆናል። ይበላል። የሞቱትን ግን ማን ቆጠራቸው?

ልታበይው ከፈለግሽ ወጡ ሳይጣድ በፊት፣ ሽንኩርትም በርበሬም ሳይነካው፣ ከሥጋው ትንሽ ለይተሽ በውሃ ቀቅይለት። መረቁን እንጀራ ወይም ሩዝ ላይ አፍስሺበት፣ አልፎ አልፎ የተቀቀለ እንቁላል ጨምሪበት። ይኸው ነው። ውሻ ቅመም አልለመነሽም። ውሃውን ግን በየቀኑ ቀይሪ፤ ያ በረንዳ ሥር ያለው ጣሳ አረንጓዴ ሆኗል፣ ሳየው አፍሬ ነው ዝም ያልኩት።

ትናንት በጉ ሲበለት አባዬ ሳንባውን ለቡቺ ሊወረውርለት ሲል እጁን የያዝኩት ቅር አሰኝቶት ይሆናል። ምክንያቱን ለእሱም ቀስ ብለሽ ንገሪው፤ ካንቺ ሲሰማው ይቀለዋል። ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት አላየሽም? እዚያ ውስጥ ያሉት የትል እጮች ናቸው። ውሻ ጥሬውን ሲበላው አንጀቱ ውስጥ ገብተው ያድጋሉ፤ የኮሶ ዘመድ ናቸው፣ ርዝመታቸው ግን ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ። ውሻው ምንም አይሆንም፤ ይበላል፣ ይሮጣል፣ ይወፍራል። ከሳምንታት በኋላ ግን እንቁላላቸው ከሰገራው ጋር መውጣት ይጀምራል፤ ፀጉሩ ላይ ይጣበቃል፣ አፈሩ ላይ ይቀራል፣ የጓሮው ሰላጣ ላይ ይደርሳል። ቡቺን ሲያሻሽ የዋለ ልጅ እጁን ሳይታጠብ ዳቦ ቢገምጥ፣ በበጉ ሳንባ ላይ ያየሽው ከረጢት በልጁ ጉበት ላይ ይበቅላል። ቀስ ብሎ፣ በዓመታት። ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ካበጠ በኋላ ነው፤ መፍትሔውም ቀዶ ሕክምና ሊሆን ይችላል።

አገሩ ሁሉ በበዓል ቀን በየግቢው እያረደ ሳንባና ጉበቱን «ለውሻ ነው» ይላል። ደግ ልማድ ይመስላል፣ ግን ትሉ ከበግ ወደ ውሻ፣ ከውሻ መልሶ ወደ በግና ወደ ሰው የሚሻገርበት ድልድይ እሱ ነው። ከረጢት ያለበት ነገር በጥልቀት ይቀበር ወይም ይቃጠል፤ ቆሻሻ ገንዳ ላይ ብትጥይው የሰፈሩ ውሻ ያወጣዋል። ደህና የሚመስለውም በደንብ ተቀቅሎ እንጂ ጥሬውን አይሰጥ። የትል መድኃኒት ስታስሰጪውም ይህንን ዓይነት የሚገድለው ፕራዚኳንቴል ያለበት መሆኑን ሐኪሙን ጠይቂ፤ ለወስፋት ብቻ የሚሆነው አይነካውም።

ውሪ ደግሞ ሁዳዴን ሙሉ ምን በላች? ሽሮ። 55 ቀን! አንቺ ጹሚ፣ እግዚአብሔር ይቀበልሽ፤ ድመት ግን አትጾምም። ውሻ እንደምንም እህል እየበላ ይኖራል፣ ድመት ሥጋ በል ሆና የተፈጠረች ናት። ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር ከሥጋ፣ ከዓሣ ካላገኘች ሰውነቷ የሚበቃትን ያህል አይሠራም። ሲጎድላት ዓይኗ ይደክማል፣ ልቧ ይሳሳል። እ.ኤ.አ. በ1987 ነው ሐኪሞቹ የልቧ መስፋት ከዚህ ጋር የተያያዘ መሆኑን ያወቁት፤ ከዚያ ወዲህ የድመት ምግብ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች ይጨምሩበታል። ሽሮው ደግሞ ያው በሽንኩርት የተሠራ ነው፤ በሁለት በኩል ጎዳሻት። እማዬ «በጾም ድስቴ ውስጥ ሥጋ አይቀቀልም» ካለች እውነቷን ነው፣ አትከራከሪያት። ለድመቷ የራሷን ትንሽ ብረት ድስት ግዢና ጓሮ አስቀምጪ። ከጾሙ በፊት ልብና ቅንጥብጣቢ ገዝተሽ ማቀዝቀዣ ውስጥ በትንንሹ ብትቋጥሪላት ሉካንዳው ሲዘጋ አትጨነቂም። ወተትም «የድመት ምግብ» ነው ብለሽ አትመኪበት፤ ያደጉ ድመቶች ብዙዎቹ የላም ወተት አይስማማቸውም፣ ያስቀምጣቸዋል።

ባለፈው «ውሪ ትኩሳት አላት፣ ግማሽ ፓራሲታሞል ልስጣት?» ብለሽ ስትደውዪልኝ ስልኩን ልጥለው ነበር። ደግመሽ እንዳታስቢው። የድመት ጉበት ያንን መድኃኒት የሚያስወግድበት በቂ መንገድ የለውም፤ አንድ ባለ 500 ሚሊ ግራም ፍሬ ሊገድላት ይችላል። ፊቷ ያብጣል፣ ድዷ ቡናማ ይሆናል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። ለውሻም ቢሆን አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳሉ። ከሰው መድኃኒት ሳጥን ውስጥ ለእነሱ የሚሆን የለም ብለሽ ያዢው፤ የሚሆነውን ሐኪሙ ይነግርሻል።

የቁንጫውም ነገር እንደዚያው ነው። ለውሻ የሚሸጠው ጠብታ ፐርሜትሪን ካለበት ድመትን ያንቀጠቅጣታል፣ ይገድላታል፤ ውሻው ላይ አድርገሽ አብራው ብትተኛ እንኳ አደጋ ነው። ለትኋን ወይም ለእህል ተባይ የሚረጨውን ደግሞ ለማንኛቸውም እንዳትሞክሪ። ፀጉራቸውን ይልሳሉ እኮ! የአይጥ መርዝ ያለበት ቤትም ድመት አይኖርበትም፤ አንዱን ምረጪ። የተመረዘች አይጥ ቀርፋፋ ስለሆነች ውሪ መጀመሪያ የምትይዘው እሷን ነው።

አሁን ክትባቱን ንገሪኝ። አላስወጋሽውም፤ ፊትሽ ይናገራል። «ገና ትንሽ ነው፣ ከግቢ አይወጣም» አትበዪኝ፤ የሰፈሩ ውሾች በበሩ ሥር አፍንጫቸውን አስገብተው ሲያሸቱት በዓይኔ አይቻለሁ። የእብድ ውሻ በሽታ በለሃጭ ነው የሚተላለፈው፤ ንክሻ፣ ቧጨራ፣ ቁስል ላይ መላስም ይበቃል። አንዴ ምልክቱ ከታየ ውሻም ሰውም አይተርፍም ማለት ይቻላል። ለዚህ ነው ከሁሉም መርፌ ይህኛው አይታለፍም የምልሽ። 3 ወር ሲሞላው ይወጋል፣ ከዓመት በኋላ ይደገማል፣ ከዚያ ሐኪሙ በሚሰጥሽ ካርድ ላይ ባለው ቀን ትቀጥያለሽ። ውሪም ትወጋለች፤ ድመት አታብድም ያለሽ ማን ነው?

ደግሞ ያበደ ውሻ ሁሉ አረፋ እየደፈቀ መንገድ ለመንገድ የሚሮጥ እንዳይመስልሽ። ዝም ብሎ ጥግ የሚይዝ አለ። መንጋጋው ይወድቃል፣ መዋጥ ያቅተዋል፣ ለሃጩ ይንጠባጠባል። የሚወደው ሰው «አጥንት ተሰንቅሮበት ነው» ብሎ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። እንዳታደርጊው። እንዲህ ሆኖ ካየሽው በሩን ዝጊበትና ሐኪም ጥሪ።

አንቺን ወይም ልጆቹን ውሻ ቢነክስ፣ የማንም ውሻ ይሁን፣ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቢ። ሰዓት ይዘሽ፤ 15 ደቂቃ ከምታስቢው በላይ ረጅም ነው። ቡና አይነስነስበት፣ ቅጠል አይታሰርበት፣ ቀጥታ ጤና ጣቢያ። ጸበሉን አልከለክልሽም፤ ክትባቱን ጀምረሽ ሂጂ። በሽታው ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር ተደብቆ ይቆያል፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ፤ ስለዚህ «ሳምንት ሆነኝ፣ ደህና ነኝ» ማለት መረጃ አይሆንም። አዲስ አበባ ላይ ሰዉ ዛሬም «ፓስተር ሄደህ ተወጋ» የሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ1885 ያበደ ውሻ ለነከሰው ልጅ ክትባቱን መጀመሪያ በሰጠው በሉዊ ፓስተር ስም ተጠርቶ በነበረው ተቋም የተነሳ ነው። እማዬ የምትፈራው ሆድ ላይ በየቀኑ የሚወጋው የድሮው ክትባት ነው፤ አዲሱ ክንድ ላይ ነው፣ ቁጥሩም ያነሰ ነው። የነከሰውን ውሻ ደግሞ ሰዉ ተሯሩጦ እንዳይገድለው። ማሰር የሚቻል ከሆነ ታስሮ 10 ቀን ይታይ፤ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ሲነክስ በለሃጩ ውስጥ በሽታው አልነበረም ማለት ነው።

ከዚህ ሌላ ለቡችላ ፓርቮ የሚባል አለ፤ ደም የቀላቀለ ተቅማጥና ትውከት ይዞ በቀናት ውስጥ ይጨርሰዋል። ክትባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜ ላይ ጀምሮ 16 ሳምንት እስኪሞላው በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ ይደጋገማል። አፈር ላይ ለወራት ስለሚቆይ፣ ቡችላ የሞተበት ግቢ ሌላ ቡችላ ከማምጣትሽ በፊት በረኪና ያስፈልገዋል።

ሰንሰለቱን አየሁት። የማን ሐሳብ ነው? ቀን ከሌት በአጭሩ የታሰረ ቡችላ ጎበዝ ጠባቂ አይሆንም፤ ፈሪ ይሆናል፣ ፈሪ ውሻ ደግሞ የሚነክሰው የቤቱን ልጅ ነው። ከ3 እስከ 14 ሳምንት ያለው ጊዜ ሰው፣ ድምፅ፣ ሌላ እንስሳ የሚለምድበት ነው፤ ያኔ ፍቺው፣ እንግዳ ይንካው፣ የልጆቹን ጩኸት ይስማ። ከዚያ በኋላ ማስለመድ ይከብዳል። የአንገቱንም ማሰሪያ በየሳምንቱ ሁለት ጣት አስገብተሽ ለኪው፤ እሱ ያድጋል እንጂ ማሰሪያው አያድግም፣ ሥጋ ውስጥ የገባ ማሰሪያ አይቻለሁ። ቤቱንም ከቆርቆሮ ብቻ አትሥሪው፤ ቀን ይጠብሰዋል፣ ሌሊት ያቆረፍደዋል። ቡሄ ሲመጣ ጅራፉና ርችቱ ያስበረግገዋልና ማታ ቤት አስገቢው። ሌሊት ከግቢ እንዳይወጣ የምልሽ ግን ለሌላ ነው፤ ለባዘኑ ውሾች መርዝ የሚጣልበት ጊዜ አለ፣ መርዙ ደግሞ ባለቤት ያለውንና የሌለውን አይለይም።

ውሪን አስመክኛት። ድመት ገና ከ4 እስከ 6 ወሯ ማርገዝ ትችላለች፣ በሁለት ወር ገደማ ትወልዳለች። ግልገሎቹን በካርቶን አድርጎ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የሚያስቀምጠው ማን ሊሆን ነው? አንቺ አይደለሽም፤ ሆድሽ አይችልም። ለእኔ ነው የሚመጣው፣ የእኔ ቤት ደግሞ ሞልቷል።

የወንድማችን ሚስት ነፍሰ ጡር ስለሆነች «ድመቷን አስወግዱ» ማለቷንም ሰምቻለሁ። ማስወገድ አያስፈልግም። የድመቷን ሰገራ ሌላ ሰው በየቀኑ ይጥረግ፤ ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ተውሳክ ከወጣ በኋላ ለመተላለፍ ቢያንስ አንድ ቀን ይፈልጋል፣ በየቀኑ የተጠረገ አይደርስም። ለእሷ ግን ከድመቷ ይልቅ ትናንት ስትበላው የነበረው ጥሬ ክትፎ ያሰጋኛል፤ በሽታው ከጥሬ ሥጋም ይመጣል። ይህንን አንቺ ንገሪያት፣ እኔን አማት ሆነችብኝ ትለኛለች።

ቅዳሜ ጠዋት ሐኪም ጋ አብረን እንሄዳለን። ቢሾፍቱ ብንኖር የዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ቅርባችን ነበር፤ እዚህ ግን እኔ የምሄድበት ክሊኒክ ይሻለናል። ውሪን ጎንና ጎኑ በተበሳ ካርቶን ውስጥ አድርጊና በገመድ እሰሪው፤ እቅፍሽ ውስጥ ይዘሻት ታክሲ ብትገቢ መጀመሪያ በተነፋው ክላክስ አንገትሽን ቧጭራ ትወጣለች። የቡቺን የዚያን ዕለት ሰገራ ክዳን ባለው የማርማላታ ብርጭቆ ትንሽ ያዢ፣ ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ ያየዋል። የታክሲው ረዳት ምንድን ነው ብሎ ከጠየቀሽ «መድኃኒት ነው» በዪው።