ሕዝቡ መቼ ይጠየቅ?

የከተማ ማሻሻልና የመጓጓዣ ጉዳይ በተነሣ ቁጥር «ሕዝቡ አይቀበለውም» ሲባል እንሰማለን። እኛ ግን፣ ሕዝቡ የሚቃወመው በሰማው ነው ወይስ ባየው? ብለን እንጠይቃለን። ለዚህ ጥያቄ የስዊድን ዋና ከተማ ስቶክሆልም ጥሩ ትምህርት ስለምትሰጥ አንባቢን ወደዚያ እንወስዳለን።

ስቶክሆልም በደሴቶች ላይ የተሠራች በመሆኗ ወደ መካከሏ የሚያስገቡት ድልድዮች ጥቂት ናቸው። መኪና ይጨናነቅባቸዋል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከጃንዩዋሪ 3 ቀን 2006 ጀምሮ ባለመኪና ወደ መካከለኛው ከተማ ሲገባም ሲወጣም፣ እንደ ሰዓቱ ከ10 እስከ 20 ክሮነር እንዲከፍል በሙከራ ተደነገገ። በር ላይ ቆሞ ገንዘብ የሚቀበል ሰው የለም፤ ካሜራ የሰሌዳውን ቁጥር ያነሣል። ክፍያው ሊጀመር ወራት ሲቀሩት ተጨማሪ አውቶቡሶች መሰማራታቸውም ልብ ሊባል ይገባል።

ከሙከራው በፊት አብዛኛው ነዋሪ ተቃዋሚ ነበር። ክፍያው ሲጀመር ግን ወደ ከተማው የሚተላለፈው መኪና ከመቶ 20 እጅ ያህል ቀነሰ። ሙከራው በጁላይ መጨረሻ ቆመ፤ በሴፕቴምበር 17 ድምፅ ሲሰጥ የከተማው ነዋሪዎች በጠባብ ብልጫ «ይቀጥል» አሉ። ከኦገስት 2007 ጀምሮ ቋሚ ሆነ። የሚያስቀው፣ ሐሳባቸውን ከለወጡት ብዙዎቹ ከጥንቱም ደጋፊ እንደነበሩ መናገራቸው ነው!

ነገር ግን በዙሪያው ካሉት ወረዳዎች ድምፅ ያሰጡት አብዛኞቹ አልተቀበሉትም። ከሩቅ በመኪና የሚመላለሱት እነሱ ናቸዋ! ከፋዩ አንድ ወገን፣ አየር የጠራለትና መንገድ የሰፋለት ሌላ ወገን ነበር።

ወደ አዲስ አበባችን ስንመለስ፣ የኮሪደር ልማት ከተጀመረበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የእግረኛ መንገድ ሰፍቷል፤ የብስክሌት መንገድም ተሠርቷል። አብዛኛው ሰው በእግሩ ለሚሄድባት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ እኛም በሰፊው መንገድ ላይ ስንሄድ ደስ ይለናል። ሆኖም ከፒያሳ ተነሥቶ ወደ ከተማው ዳር የሄደው ነዋሪ መንገዱ ሲሰፋ እዚያ አልነበረም። የድልድይ ክፍያ በሰባተኛው ወር ሊቆም ይችላል፤ ቤት ግን ለሙከራ አይፈርስም። እንግዲህ «ሲያየው ይወደዋል» የሚለው የስቶክሆልም ክርክር ለዚህ ሰው አይሠራም። እሱን መጠየቅ የሚገባው ዕቃውን ሳይጭን ነው፤ ያውም ስለ መንገዱ ውበት ሳይሆን፣ ከአዲሱ ሰፈር ሥራው ለመድረስ ስንት ታክሲ እንደሚቀይር፣ ልጁስ ከየትኛው ትምህርት ቤት እንደሚገባ ነው።