ሕመሙ በረድ ካለ በኋላ የሚቀረው የማስታወስ ችግርና የማግኔት ሕክምና

«አማኑኤል የገባ ሰው» ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ልብሱን ጥሎ የሚሮጥ ሰው ብቻ ነው። ባይፖላር የተባለው የአእምሮ ሕመም ግን ሁለት መልክ አለው። አንድ ሰሞን ሰውየው ከልክ በላይ ይነቃቃል፤ እንቅልፍ አያሻውም፣ ወሬው አያቋርጥም፣ ገንዘቡን ይበትናል። ሌላ ሰሞን በሐዘን ተውጦ ከአልጋ መነሣት ያቅተዋል።

ነገሩ የፈረንጅ አገር ብቻ አይደለም። በቡታጅራ አካባቢ ከ68,000 በላይ አዋቂዎች በተጠየቁበት ጥናት ከ200 ሰው አንዱ ያህል በዕድሜው ሕመሙ አግኝቶታል። ለኦጎልቾ ይበልጥ የሚቀርበው ደግሞ በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው ነው፤ በዚያ ከ100 አዋቂ ወደ 2 የሚጠጉት ታመው ተገኝተዋል። ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በጉርምስናና በወጣትነት፣ ማለትም በተማሪዎቻችንና በእኛው ዕድሜ ነው።

ሊቲየምና ሌሎች መድኃኒቶች ስሜቱን ያረጋጋሉ። ከዚያ በኋላ ግን ብዙዎች ትኩረታቸው ይበታተናል፣ የሰሙትን መያዝና ሥራን በቅደም ተከተል ማቀድ ይቸግራቸዋል። ልጁ ተሽሎት ክፍል ሲመለስ የትናንቱን ትምህርት ቢረሳ «ሰነፈ» እንላለን። ሰነፈ አይባልም፤ ሕመሙ ያስቀረው ነው።

ለዚህ ቅሪት የራስ ቅል ሳይከፈት አንጎልን መቀስቀስ እየተሞከረ ነው። ፋራዴይ በ1831 ያሳየውን በፊዚክስ ተምረናል፦ የሚለዋወጥ ማግኔት በሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። እዚህ በሽቦው ፈንታ አንጎል ነው። በ1985 እንግሊዝ አገር፣ ሼፊልድ ውስጥ ባርከርና ጓደኞቹ የሽቦ ጥቅል ከራስ ላይ አድርገው ቢያሠሩት የሰውየው እጅ ያለ ፈቃዱ ተንቀሳቀሰ። ዛሬ ጥቅሉ ትኩረትን ከሚመራው ከግንባር ጀርባ ካለው ክፍል ላይ ይደረጋል። ሌላው ዘዴ 1 ወይም 2 ሚሊአምፔር ብቻ በርጥብ ስፖንጅ በኩል ለ20 ደቂቃ ያህል ማሳለፍ ነው፤ የእጅ ባትሪ አምፖል ከዚህ መቶ እጥፍ ገደማ ይወስዳል። ሰውነትን ከሚያንቀጠቅጠው ከአሮጌው የኤሌክትሪክ ሕክምና ጋር አይምታታ፤ እዚህ ታካሚው ማደንዘዣ ሳይወስድ ቁጭ ብሎ ያወራል።

ይሠራል ወይ? በአንዳንድ ሙከራ ታካሚዎች በማስታወስ ፈተና ተሻሽለዋል፣ በሌላው ለውጥ አልታየም፤ የተሞከረባቸውም ጥቂት ሰዎች ናቸው። ደግሞም አንድን ፈተና ሁለት ጊዜ የወሰደ ተማሪ ውጤቱ ከፍ እንደሚል እናውቃለን! ስለዚህ ለግማሾቹ ድምፅ ብቻ የሚያሰማ የውሸት መሣሪያ ይደረግላቸዋል፤ ከእነሱ ያልበለጠ መሻሻል አይቆጠርም። የማግኔቱ ዘዴ አልፎ አልፎ የሚጥል በሽታ ሊያስነሣ፣ ሁለቱም ዘዴዎች ያንን ከልክ ያለፈ መነቃቃት ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። ራሱ ውስጥ ብረት ያለበት ሰው ማግኔቱ አይደረግለትም። ተስፋ አለው እላለሁ፤ ተረጋግጧል ግን አልልም።

ለተመለሰው ተማሪ ከእኛ የሚፈለገው ጠመኔ ነው። ትእዛዙን በቃል ብቻ ሳይሆን ሰሌዳ ላይ መጻፍ፣ ረጅሙን ጥያቄ ከፋፍሎ መስጠት፣ ያመለጠውን ደብተር እንዲገለብጥ ጊዜ መፍቀድ። መድኃኒቱን ሊተው ካሰበ ደግሞ አስቀድሞ ሐኪሙን እንዲያማክር መንገር።