ቁልቁል ምትና የፍጥነት ልምምድ፦ የትራሽ ሜታል ሪፍን በጊታር የመማር ሂደት

መግቢያ

ትራሽ ሜታል እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ የጎለመሰ ፈጣን የሮክ ሙዚቃ ዘርፍ ነው። ሜታሊካ «ማስተር ኦፍ ፐፔትስ»ን፣ ስሌየር ደግሞ «ሬይን ኢን ብለድ»ን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። የዘርፉ መሠረት ሪፍ፣ ማለትም እየተደጋገመ የሚመለስ አጭር የጊታር ሐረግ ነው። ለተማሪው ዘወትር የሚሰጠው ምክር በዝግታ መጀመርና የሜትሮኖሙን ፍጥነት ቀስ በቀስ መጨመር ነው። ይህ ጽሑፍ ምክሩ ጠቃሚ ቢሆንም ብቻውን በቂ የማይሆንበትን ምክንያት ከቀኝ እጅ እንቅስቃሴ አንጻር ይመረምራል።

የምቱ አሠራር

የ«ማስተር ኦፍ ፐፔትስ» መጠሪያ ዘፈን ዋና ሪፍ በደቂቃ 212 ትርታ ገደማ ይጓዛል። በአንድ ትርታ ሁለት ኖታ ሲመታ በደቂቃ 424፣ በሴኮንድ ደግሞ ሰባት ያህል ምት ይሆናል። በሁለት ምት መካከል ያለው ጊዜ 0.14 ሴኮንድ ብቻ ነው። ጄምስ ሄትፊልድ የሚታወቀው ይህን መሰሉን ሪፍ ቁልቁል ብቻ በመምታት ነው።

ቁልቁልና ሽቅብ እያፈራረቀ የሚመታ ተጫዋች ከአንድ የእጅ ምልልስ ሁለት ድምፅ ያገኛል። ቁልቁል ብቻ የሚመታው ግን ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ ሙሉ ምልልስ ያደርጋል፤ ስለዚህ በተመሳሳይ ፍጥነት የእጁ ሥራ እጥፍ ይሆናል። በምላሹ ክብደቱ እኩል የሆነ ጠጣር ድምፅ ይገኛል። የቀኝ መዳፍ ጠርዝ በብሪጁ አጠገብ ክሮቹን በስሱ ሲያፍን ይህ ባሕርይ ይበልጥ ይጎላል። እያፈራረቁ መምታት ድካሙን ቢያቀልም ወጥነቱን መጠበቅ ያስቸግራል። በመሆኑም የአመታት ምርጫ የድምፅ ምርጫም ነው።

የዝግታ ልምምድ ወሰን

ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ በሁለት ምት መካከል 0.28 ሴኮንድ ይገኛል። በዚህ ጊዜ ውስጥ እጅ መትቶ፣ ቆሞ፣ እንደገና ሊነሣ ይችላል። በሙሉ ፍጥነት ግን ለመቆም ጊዜ የለም፤ የምቱ መጨረሻ የመመለሻው መጀመሪያ ነው። ቆሞ መነሣትን የለመደ ተማሪ ለፍጥነት የማያገለግለውን እንቅስቃሴ አጠናክሯል ማለት ነው። ፍጥነቱ ሲያልፈው ጉድለቱን በክርንና በትከሻ ኃይል ለመሙላት ይሞክራል፤ ውጤቱም መገተር ነው።

ፖል ፊትስ እ.ኤ.አ. በ1954 ባወጣው ጥናት ርቀቱ ሲጨምርና ዒላማው ሲጠብ እንቅስቃሴው የሚወስደው ጊዜ እንደሚረዝም አሳይቷል። የጊታር ክር ዒላማነቱ አይለወጥም፤ ስለዚህ ሊቀነስ የሚችለው ፒኩ የሚጓዘው ርቀት ነው። የዝግታ ልምምድ ዋና ጥቅምም ይህን አጭር ጉዞ ማስተማሩ ነው።

የተቀናጀ ስልት

ከዚህ ትንታኔ ሦስት ደረጃዎች ይመነጫሉ። በመጀመሪያ፣ በዝግታ የፒኩ ጉዞ ይታረማል፣ የሁለቱም እጆች ቅንጅት ይስተካከላል። ቀጥሎ፣ አራት ወይም አምስት ኖታ ብቻ በታለመው ፍጥነት ተመትቶ ይታረፋል፤ እንቅስቃሴው ሳይገተር ሲቀር ርዝመቱ ወደ አንድ፣ ከዚያም ወደ ሁለት ባር ያድጋል። በመጨረሻ፣ ጽናትን ለማጎልበት ሙሉው ሪፍ ከታለመው በጥቂት ዝቅ ባለ ፍጥነት ይደጋገማል።

ሺ እና ሞርጋን እ.ኤ.አ. በ1979 ባቀረቡት ሙከራ፣ ተግባራትን እያቀላቀሉ መለማመድ በልምምዱ ወቅት ቢያዘገይም የተሻለ የማስታወስ ውጤት አስገኝቷል። ሙከራው በክንድ እንቅስቃሴ እንጂ በሙዚቃ ላይ ስላልተካሄደ ለጊታር የሚሰጠው ድጋፍ ቀጥተኛ አይደለም። ሆኖም የተለያዩ ሪፎችን እያፈራረቁ መለማመድ ሊሞከር የሚገባው መሆኑን ያመለክታል።

ማጠቃለያ

በዕረፍት የሚጠፋ የጡንቻ ድካም የልምምዱ አካል ነው፤ ሕመምና መደንዘዝ ግን የማቆሚያ ምልክት ናቸው። የዕድገት መለኪያውም የሜትሮኖሙ ቁጥር ብቻ አይደለም። የራስን ልምምድ ቀርጾ ሲያደምጡ የመጨረሻው ባር እንደ መጀመሪያው ጠጣርና እኩል ካልሆነ ሪፉ ገና አልተያዘም።