አምፖል ከመግዛትዎ በፊት ማሳውን ይዩ፦ የአሮጌ መኪና ሽቦ አጠጋገን

ፍሬን ሲይዙ ፍሬቻው አብሮ ደብዘዝ ብሎ የሚበራ አሮጌ ኮሮላ ካለዎት አምፖል ለመግዛት አይቸኩሉ። ከባትሪው ፖዘቲቭ የወጣው ኃይል መብራቱን አብርቶ ወደ ኔጌቲቭ የሚመለሰው በመኪናው ቦዲ በኩል ነው፤ መካኒኮች ማሳ የሚሉት ይህንኑ ነው። የማሳው ብሎን ሲዝግ ኃይሉ መመለሻ ያጣና በጎረቤቱ አምፖል በኩል ይዞራል። መብራቶቹ የሚደባለቁት ለዚህ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች፦ ቴስተር፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ፒንሳ፣ መበየጃና እርሳስ፣ ሲሞቅ የሚኮማተር የሽቦ ቱቦ፣ ግሪስ።

1. ባትሪውን ይለኩ። ሞተሩ ጠፍቶ ካደረ በኋላ 12.6 ቮልት ገደማ ማሳየት አለበት። ከ12.2 በታች ከሆነ መጀመሪያ ቻርጅ ያስደርጉ። ሞተሩ ሲነሳ ከ13.8 እስከ 14.4 ካልደረሰ ችግሩ ከዲናሞው ወይም ከቺንጊያው ነው እንጂ ከመብራቱ ሽቦ አይደለም።

2. ፊውዙን ያውጡ። ባለ ጥርስ ፊውዝ ከሆነ ቀዩ 10፣ ሰማያዊው 15፣ ቢጫው 20 አምፔር ነው። የተቃጠለውን በዚያው መጠን ብቻ ይተኩ። ከፍ ያለ ፊውዝ መሰካት ወይም የሲጋራ ፓኮ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልሎ መክተት፣ ፊውዙ ሊቃጠልበት ይገባ የነበረውን ቦታ ለሽቦው መስጠት ነው፤ መኪና በእሳት የሚያያዘውም እንዲህ ነው።

3. ማሳውን ይለኩ። መብራቱን አብርተው ቴስተሩን 20 ቮልት ዲሲ ላይ ያድርጉ። ቀዩን ጫፍ የመብራቱ የማሳ ሽቦ ላይ፣ ጥቁሩን የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ይያዙ፤ ካልደረሰ በትርፍ ሽቦ ያስረዝሙት። 0.2 ቮልት ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ማሳው ደህና ነው። 1 ወይም 2 ቮልት ካሳየ ጥፋተኛውን አገኙት። መብራቱ ጠፍቶ ከለኩ ግን ኃይል ስለማያልፍ የዛገው ብሎን እንኳ ጤነኛ ይመስላል።

4. ማሳውን ያጽዱ። መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ይፍቱ። ብሎኑን አውጥተው የሽቦውን ጫፍም የሚያርፍበትን ቆርቆሮም ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍጉ። አጥብቀው ካሰሩ በኋላ ዝገት እንዳይመለስ ላዩን ግሪስ ይቀቡና ኔጌቲቩን መልሰው አስረው እንደገና ይለኩ።

5. የተበጠሰ ሽቦ ይፈልጉ። ሽቦ የሚበጠሰው ብዙ ጊዜ በሚተጣጠፍበት ቦታ፣ ማለትም በበርና በኋላ ኮፈን ማጠፊያ ላይ ነው። ላስቲኩ ደህና ሆኖ ውስጡ ሊበጠስ ስለሚችል ቀስ አድርገው ይሳቡት፤ ከተለጠጠ ውስጡ መዳብ የለም። ቆርጠው ሲልጡት መዳቡ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ከሆነ የሚያበራው እስኪወጣ ወደ ውስጥ ይቁረጡ። የሚቀጥሉት ሽቦ ውፍረቱ እኩል፣ ውስጡም ባለ ብዙ ክር ይሁን። የቤት መብራት ነጠላ ሽቦ ንዝረት አይችልም። ቱቦውን ከመበየድዎ በፊት ሽቦው ላይ ያስገቡ፤ ከተበየደ በኋላ መግቢያ የለውም። ሞተር አጠገብ ፕላስተር ብቻ መጠቅለል አያዋጣም፤ ሙቀቱ ሙጫውን ያቀልጠዋል።

6. ፊውዙ እየደጋገመ ከተቃጠለ አንድ ቦታ ሽቦው ቦዲ ነክቷል ማለት ነው። በዚያ ፊውዝ የሚሠሩትን ዕቃዎች ሁሉ ይንቀሉ፤ በፊውዙ ፈንታ ባለ 21 ዋት አምፖል በሁለት ሽቦ ያገናኙ። ሽቦው ቦዲ እስከነካ ድረስ አምፖሉ ደምቆ ይበራል። የሽቦውን ጥቅል ከክሩስኮቱ ሥር ጀምረው በየቦታው ያንቀሳቅሱ፤ አምፖሉ የጠፋበት ቦታ ላይ የተላጠውን ያገኙታል።

ቢጫ ሽፋን ያለውን የኤርባግ ሽቦ በቴስተር አይንኩ። ጭስ ካዩ ወዲያው ኔጌቲቩን ይፍቱ። ጠግነው ሲጨርሱ መብራቱን አሥር ደቂቃ አብርተው መጋጠሚያውን በእጅዎ ይዳስሱ፤ ከሞቀ ግንኙነቱ ገና ደካማ ነውና ፈትተው እንደገና ይሥሩት።